በማን ዓይን? የሩጫ ውድድር የቴሌቪዥን ታሪክ ከነፋስ መውጫ ሲታይ

በመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ ቦታ ያላገኘ አንድ ጥያቄ አለ። የጠየቁኝ አማካሪዬ አልነበሩም፤ ገምጋሚዎቼም አልነበሩም። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በላይ ጋይንት፣ ነፋስ መውጫ ከተማ ውስጥ፣ በአንዲት ሻይ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ከጎኔ ተቀምጠው የነበሩት አጎቴ ናቸው። አጎቴ በዚያን ዕለት ቴሌቪዥን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። ከሲድኒ ኦሊምፒክ የሚተላለፈውን የወንዶች 10,000 ሜትር ፍጻሜ ጥቂት ዙር ያህል በጸጥታ ከተመለከቱ በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ይህን የምናየው በማን ዓይን ነው?» አሉኝ።

የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። የከተማ ልጅ ለመምሰል የምጥርበት ዕድሜ ስለ ነበር ጥያቄው አሳፈረኝ፤ ሰው እንዳይሰማቸው ፈርቼ ዝም አልሁ። እሳቸው ግን አልተዉኝም። «አሁን ከላይ እንደ ጭልፊት ሆነን አየናቸው፤ አሁን ደግሞ ከእግራቸው ሥር ነን። ማን ነው የሚያዞረን?» ሲሉ ጨመሩ። ያኔ ያላከበርሁት ጥያቄ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የመገናኛ ብዙኃንን ታሪክ ማጥናት ስጀምር፣ ካነበብኋቸው መጻሕፍት ሁሉ ቀድሞ ትዝ አለኝ። በዚህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን ዘግይቼም ቢሆን ለመመለስ እሞክራለሁ። በዚያውም ከጥናቴ ውስጥ በዝምታ ያወጣሁትን የራሴን ስሕተት እገልጻለሁ።

የኢትዮጵያ ሯጮች በቴሌቪዥን የታዩበት ታሪክ የሚጀምረው ኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ባልነበራት ጊዜ ነው። አበበ ቢቂላ በሮም የማራቶን ውድድር ያሸነፈው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። ውድድሩ በምሽት ተጠናቀቀ፤ ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩ ነበር፤ ፍጻሜው በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ነበር፤ ሰዓቱም 2:15:16። የሮም ጨዋታዎች በብዙ የአውሮፓ አገሮች በቴሌቪዥን በቀጥታ የታዩ ነበሩ። የሯጩ ወገኖች ግን ዜናውን የሰሙት በሬዲዮ፣ በጋዜጣና በሰው አፍ ነው። በባዶ እግሩ የሮጠውን ሰው የሮም ነዋሪ ሲያየው የጋይንት ገበሬ አላየውም።

አጎቴ የአበበን ወሬ የሰሙት በዕረፍት ወደ አገሩ ከተመለሰ ወታደር ነበር። ወታደሩ «ያለ ጫማ ሮጦ ዓለምን ቀደመ» ሲል በአካባቢው የተደነቀ ሰው እንዳልነበረ ሲነግሩኝ ይስቁ ነበር፤ ከጓሳ እስከ ቆላ ያለ ጫማ የሚመላለስ ሕዝብ በባዶ እግር ምን ይደነቃል? ያስገረማቸው ሌላ ነበር። «የሚያባርረው የለ፣ የሚያደርሰው መልእክት የለ፤ ታዲያ ለምን ይሮጣል? ብለን ነበር» ይላሉ። ምስል የሌለው ወሬ እንዲህ ነው፤ ሰሚው በራሱ ኑሮ ይሞላዋል።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ አበበ በቶኪዮ ድሉን በ2:12:11 ደገመው። የጃፓኑ ኤን ኤች ኬ ማራቶኑን ከመነሻ እስከ መድረሻ በቀጥታ አሰራጨ። በመንገድ ላይ የሚደረግን የረጅም ርቀት ውድድር ያለ መቋረጥ በቀጥታ ማሳየት በዚያን ጊዜ ታላቅ የምሕንድስና ፈተና ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ከነበረው ስቱዲዮ ሥራውን የጀመረውም በዚያው በጥቅምት ወር ነው። ጣቢያው በእንግሊዙ ቶምሰን ኩባንያ እገዛ የተቋቋመ ሲሆን ሥርጭቱ በጥቁርና ነጭ፣ ከዋና ከተማው ብዙም የማይርቅ ነበር። ስለዚህ የአገሪቱ የመጀመሪያው ታላቅ ሯጭ ሁለቱንም የኦሊምፒክ ድሎቹን ያገኘው የአገሩ ጣቢያ ዓይኑን ከመግለጡ በፊት ነው። ስለ አበበ በዛሬው የኢትዮጵያዊ አእምሮ ውስጥ ያለው ተንቀሳቃሽ ምስል ሁሉ፣ የሮሙም ሆነ የቶኪዮው፣ በሌሎች ካሜራ የተቀረጸ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ በክፍተት የተሞላ ነው። ማሞ ወልዴ በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ማራቶኑን አሸነፈ። በሙኒክም ኢትዮጵያ ተሳትፋለች። ከዚያ በኋላ ግን አገሪቱ ከሞንትሪያል፣ ከሎስ አንጀለስና ከሴኡል ጨዋታዎች በፖለቲካ ምክንያት ቀረች። በእነዚህ መካከል የተከፈተው መስኮት የሞስኮው ብቻ ነበር፤ በዚያም መስኮት ምሩፅ ይፍጠር ታየ። ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም. 10,000 ሜትሩን፣ ሐምሌ 25 ቀን ደግሞ 5,000 ሜትሩን አሸነፈ። በመጨረሻው ዙር 300 ሜትር ያህል ሲቀረው በድንገት ፍጥነቱን ስለሚቀይር «ማርሽ ቀያሪው» ተባለ። ስሙ ልብ ሊባል ይገባዋል። አብዛኛው ሕዝብ መኪና ባልነዳበት አገር የአንድ ሯጭ ጉልበት በመኪና ቋንቋ ተገለጸ፤ ስሙም ከከተማ ወጥቶ የመኪና መንገድ ወዳልደረሰበት መንደር ሳይቀር ገባ።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የቀለም ሥርጭት የጀመረው በ1977 ዓ.ም. መባቻ፣ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር ነው። ከዚያ ቀጥሎ የመጣው የሴኡል ጨዋታ ኢትዮጵያ ያልተገኘችበት በመሆኑ፣ ቀለም ከገባ በኋላ ኢትዮጵያውያን የሮጡበት የመጀመሪያው ኦሊምፒክ የባርሴሎናው ሆነ። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ደራርቱ ቱሉ 10,000 ሜትሩን አሸንፋ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኢላና ሜየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ሲዞሩ የታዩበት ምስል አፓርታይድ ሊወድቅ በተቃረበበት ወቅት በዓለም ሁሉ ተሰራጨ። እንዲህ ያለው ምስል ራሱ ይናገራል ይባላል። ነገር ግን ምስል ብቻውን ምን ያህል ይናገራል? የአጎቴ ጥያቄ እዚህ ላይ ይመለሳል።

ነገሩን ለማጥራት ከሩቅ አንድ ማነጻጸሪያ ላምጣ። በአሜሪካ ስፕሪንት ካር የሚባል የመኪና ውድድር አለ። አነስተኛና ብርቱ ሞተር ያላቸው መኪኖች በአብዛኛው በአፈር በተሠራ አጭር የእንቁላል ቅርጽ ሜዳ ላይ ይሽቀዳደማሉ። እነዚህ መኪኖች እንደ ተራ መኪና የሚለዋወጥ ማርሽም ሆነ ማስነሻ ሞተር የላቸውም፤ ሌላ መኪና ከኋላ እየገፋ ያስነሣቸዋል። የእኛው «ማርሽ ቀያሪ» በእግሩ የሮጠ ሰው ሲሆን እነርሱ መኪኖቹን ያለ ማርሽ መለዋወጥ ያሽቀዳድማሉ! ስፖርቱ ለረጅም ጊዜ የትናንሽ ከተሞች የቅዳሜ ምሽት ጉዳይ ሆኖ ቆየ። በአዮዋ ግዛት በኖክስቪል ከተማ የሚካሄደው ዓመታዊ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1961 ተጀመረ፤ ከከተማ ከተማ የሚዞረው የዎርልድ ኦፍ አውትሎውስ ማኅበር በ1978 ተመሠረተ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ኢ ኤስ ፒ ኤን የተባለው ጣቢያ የእነዚህን አጫጭር ሜዳዎች ውድድር በሳምንት አንድ ምሽት ማሳየት ሲጀምር፣ ጄፍ ጎርደንን የመሰሉ ወጣት ነጂዎች ከመንደራቸው ወጥተው በአገር ደረጃ ታወቁ።

ከዚህ ታሪክ ጋር የሚያመሳስለን አለ፤ የሚለየንም አለ። አጭር ዙርና ተደጋጋሚ መንገድ ለካሜራ ይመቻል፤ 400 ሜትር 25 ጊዜ የሚዞርበት ሩጫም እንደዚያው ነው። በሁለቱም በአንድ አካባቢ ያደገ ችሎታ በካሜራ አማካይነት ለሩቅ ሰው ይታያል። ልዩነቱ ግን መሠረታዊ ነው። በአሜሪካው ታሪክ ካሜራውን የሚያንቀሳቅሰው፣ የሚተርከውና የሚያየው ሰው የአንድ አገርና የአንድ ቋንቋ ሰዎች ናቸው። በእኛ ታሪክ ግን ዓይኑና ድምፁ ከመጀመሪያው የተለያዩ ናቸው።

የአሠራሩ ነገር እንዲህ ነው። በኦሊምፒክ እያንዳንዱ አገር የራሱን ካሜራ ተክሎ ውድድሩን አይቀርጽም። አንድ የአዘጋጅ አሰራጭ ተቋም ምስሉን ያዘጋጃል፤ የትኛው ካሜራ መቼ እንደሚታይ፣ የትኛው ሯጭ በቅርብ እንደሚያዝ፣ ምን በዝግታ እንደሚደገም የሚወስነው የዚያ ተቋም ዳይሬክተር ነው። በሲድኒ ይህን የሠራው ለዚያ ጨዋታ ብቻ የተቋቋመ አካል ነበር፤ ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ለዚሁ ሥራ ቋሚ ተቋም ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ምስሉ በሳተላይት ወደ ሁሉም አገር ይደርሳል። የየአገሩ ጣቢያ ድርሻ በዚያ ላይ የራሱን ድምፅ መጨመር ነው። ስለዚህ ለአጎቴ ጥያቄ ቴክኒካዊው መልስ ቀላል ነበር። ያየነው ሲድኒ በአንድ የመቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ በተቀመጠ፣ ስማችንን በማያውቅ ሰው ዓይን ነው። የሰማነው ግን በራሳችን ሰው አንደበት ነው።

የዚህ አንደበት ታሪክ ገና በሚገባ አልተጻፈም። ፍቅሩ ኪዳኔ፣ ሰለሞን ተሰማና ደምሴ ዳምጤ በየዘመናቸው ለአድማጩ ሜዳውን የሣሉ ስሞች ናቸው። ከሬዲዮ ዘመን የመጣ የስፖርት ዘጋቢ ምስል ሳይኖር ማየት ማስተማርን የለመደ ነው፤ ወደ ቴሌቪዥን ሲሸጋገርም ያንን ልማዱን ይዞት ይመጣል። «እነሆ ከፊት ያለው የእኛ ልጅ ነው፤ ከኋላው ኬንያዊው አለ፤ ሦስት ዙር ቀርቷል» እያለ ተመልካቹ የሚያየውን ጭምር ይነግረዋል። የውጭ አጥኚ ይህን ትርፍ ንግግር ሊለው ይችላል። የማሳያ ሣጥኑ ባለ 14 ኢንች፣ ሥርጭቱ ደካማ፣ ተመልካቹ በር ላይ የቆመ ለሆነበት አገር ግን ትርፍ አልነበረም።

ድምፁ ትርጉም እንዴት እንደሚጨምር አንድ ምሳሌ ይበቃል። ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም. በአቴንስ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ከፊት እየመሩ ሳለ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ወደ ኋላ ቀረ። ቀነኒሳ ዞር ዞር እያለ ያየው ነበር፤ ሁለቱ ወጣቶች ፍጥነታቸውን ቀንሰው ሲጠብቁትም ታዩ። ዓይኑ ያሳየው አንገቱን የሚያዞር ሯጭ ነው። በእኛ ዘንድ ግን ያ መዞር ታላቅን ትቶ ያለመሄድ ምግባር ሆኖ ተነበበ፤ ቀነኒሳ ወርቁን፣ ስለሺ ብሩን ወስደው ኃይሌ አምስተኛ ቢወጣም ለዓመታት የተነገረው ስለ መዞሩ ነው። በእስቴም ሆነ በስማዳ ከሰዎች ጋር ስለዚያ ውድድር ስጫወት ሰዓቱን የሚነግረኝ አላጋጠመኝም፤ መጠበቁን ያልነገረኝም የለም።

የዓይኑና የድምፁ መለያየት ሌላም ገጽ አለው። ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. በሪዮ የማራቶን ፍጻሜ ፈይሳ ሌሊሳ ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ ተቃውሞውን አሳየ። ምስሉን የሚያዘጋጀው የአገሩ ጣቢያ ስላልነበረ በዚያች ቅጽበት ምን እንደሚታይ የወሰነ ኢትዮጵያዊ እጅ አልነበረም፤ ምልክቱ በዓለም ሁሉ ታየ። የሌላ ሰው ዓይን የእኛን ነገር ባለማወቁ ሊያጎድለን ይችላል፤ ባለማወቁም እኛ የማናሳየውን ሊያሳይ ይችላል። በአንጻሩ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ካቋቋሙት አንዱ የሆነበትና በኅዳር 1994 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ፣ ካሜራውም ድምፁም የእኛ የሆነበት ውድድር ነው። በዚያ ምስል ውስጥ ከአሸናፊው ይልቅ በአዲስ አበባ ጎዳና የሚጨፍረው ሕዝብ ሰፊ ቦታ ይይዛል። የራስ ዓይን ሲኖር ማን እንደሚታይ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አሁን ወደ ነፋስ መውጫዋ ሻይ ቤት እመለሳለሁ፤ ስሕተቴ ያለው እዚያ ነውና። አጎቴ ከታች ጋይንት ስንቄን በአህያ ጭነው የመጡት ከመስቀል በፊት ይደርስልኝ ብለው ነበር፤ ድርቆሽ፣ በሶና ሽሮ። ቀኑ ሰኞ ነበር፤ እኔ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ብሆንም ክፍል አልገባሁም። ውድድሩ በሲድኒ ማታ ቢሆንም በእኛ ሰዓት ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ነበር። መብራት ጠፍቶ ስለ ነበር ባለ ሻይ ቤቱ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥኑን ከአይሱዙ ሾፌር በተዋሰው የመኪና ባትሪ አስነሣው። መግቢያው ከሻይ ጋር ሃምሳ ሳንቲም ነበር። ከጉና ተራራ የሚወርደው ነፋስ አንቴናውን ስለሚያዞረው አንድ ልጅ ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ ይዞት ነበር፤ ከውስጥ «ተው! ተው! እዚያው ያዘው!» እየተባለ። ምስሉ ላይ እንደ ጤፍ የተበተነ ነጭ ነጠብጣብ ነበር።

የውድድሩ መጨረሻ በታሪክ የታወቀ ነው። በመጨረሻው ዙር ፖል ቴርጋት ድንገት ፈትልኮ ወጣ፤ ኃይሌ ተከተለው፤ በመስመሩ ላይ ቀደመው። ሰዓታቸው 27:18.20 እና 27:18.29 ነበር። የዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ልዩነት በዚያው ጨዋታ በወንዶች 100 ሜትር አንደኛና ሁለተኛ መካከል ከነበረው የ12 መቶኛ ሰከንድ ልዩነት ያንሳል። አሰፋ መዝገቡ ሦስተኛ ወጣ። እኔ ይህን ፍጻሜ በነፋስ መውጫ በዓይኔ እንዳየሁ ለዓመታት ተረክሁ። ለጓደኞቼ፣ ለተማሪዎቼ ነገርሁ። የጥናት ንድፌን መግቢያም የጀመርሁት በዚሁ ነበር፦ የኃይሌ ደረት መስመሩን ሲነካ፣ የቴርጋት ፊት ሲጨማደድ፣ ሻይ ቤቱ ሲነሣ።

ለጥናቱ ወደ አገሬ በተመለስሁ ጊዜ አጎቴ አርጅተው ነበር። አንድ ምሽት እሳት ዳር ተቀምጠን፣ «አጎቴ፣ ኃይሌ ቴርጋትን ሲቀድመው ያየንባትን ቀን ያስታውሷታል?» አልኋቸው።

«የቱን ነው ያየነው?» አሉኝ። «ሥዕሉ ሄደ እንጂ። ከዳር ከዳር እየተሸበሸበ እንደ እፍኝ አክሎ ጠፋ። ድምፁ ብቻ ቀረ። አንተ ተነሥተህ ልትወጣ ስትል ትከሻህን ይዤ አስቀመጥሁህ።»

አላመንኋቸውም። እርጅና ነው ብዬ በልቤ አለፍሁት። በማግሥቱ በዚያች ሻይ ቤት አብሮን የነበረ አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬን ጠየቅሁት። «በደንብ አይቻለሁ እንጂ! የማሊያው ቀለም እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም» አለኝ። ይህን ሲለኝ ደነገጥሁ። ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ ነበር። በራሴ ትዝታ ውስጥ ያለውን ፍጻሜ ስመረምረውም ቀለም ነበረው። እኔም ጓደኛዬም ያየነው በኋላ፣ በሌላ ቦታ፣ በሌላ ሣጥን የተደገመውን ምስል ነው፤ ከዚያም ሳናውቀው ወደዚያች ሻይ ቤት ወስደን ሰቅለነዋል።

የአጎቴ ምስክርነት ከቴክኒኩም ጋር ይስማማል። በዚያ ዘመን ቴሌቪዥን የሥዕሉ ቱቦ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይፈልጋል፤ ባትሪው ሲደክም ምስሉ ከዳር ይጠባል፣ ከዚያም ይጠፋል። የድምፁ ክፍል ግን በአነስተኛ ኃይል ስለሚሠራ ጥቂት ይቆያል። እንግዲህ የመጨረሻውን ዙር የነገረን ከጨለመ ሣጥን ውስጥ የወጣው የአማርኛ ድምፅ ብቻ ነበር። ሰው ሁሉ የተነሣው፣ የጮኸው፣ የተቃቀፈው ያንን ሰምቶ ነው። አጎቴ እውነቱን ያቆዩት ብሩህ አእምሮ ስለ ነበራቸው ብቻ አይመስለኝም። ከዚያ በኋላ ወደ መንደራቸው ተመለሱ፤ ውድድሩን ደግመው የሚያዩበት ሣጥን አልነበራቸውም። በትዝታቸው ላይ የተጻፈበት ሌላ ምስል የለም። ፍጹም ምስክር ግን አልነበሩም፤ ዕለቱ የመስቀል ማግሥት ነበር ብለው ያምኑ ነበር፤ ውድድሩ ግን ከደመራ አንድ ቀን ቀድሞ ነው የተደረገው። እያንዳንዱ ምንጭ የሚታመንበትና የማይታመንበት ቦታ አለው።

እዚህ ላይ ማድረግ የነበረብኝን አላደረግሁም። ስሕተቴን በጥናቱ የአሠራር ምዕራፍ ውስጥ ማስፈር ሲገባኝ መግቢያውን ቆርጬ ጣልሁት፤ ከእርሱም ጋር የአጎቴን ጥያቄ አወጣሁት። አጥኚው ራሱ የሐሰት የዓይን ምስክር መሆኑን መናገር ፈራሁ። ጽሑፉ አለፈ፤ ማንም አልጠየቀኝም። ነገር ግን ያ ቁራጭ በሙሉ ጥናቱ ውስጥ ከነበረው ሁሉ የሚበልጥ ግኝት ይዞ እንደ ነበር ዛሬ አውቃለሁ።

ግኝቱ ይህ ነው። በአገራችን የስፖርት ቴሌቪዥን ታሪክ ሲጠና የምንከተለው የጣቢያዎችን ታሪክ ነው፤ ሥርጭት መቼ ተጀመረ፣ ቀለም መቼ ገባ፣ ሳተላይት መቼ ደረሰ። እነዚህ ምን እንደ ተላከ ይነግሩናል። ምን እንደ ደረሰ ግን አይነግሩንም። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የደረሰው ብዙ ጊዜ ከፊል ምስልና ሙሉ ድምፅ ነበር፤ አንዳንዴም ከገበያ የተመለሰ ሰው ወሬ ብቻ። በዚያ ከፊል ነገር ላይ ሰው የራሱን ጨምሮ አንድ ሙሉ ውድድር ሠራ፤ በኋላም የተደገመው ምስል ያንን የሰው ሥራ ሸፈነው። የምስሉ ባለቤቶች ምስላቸውን በሚገባ አስቀምጠዋል፤ የሮምም የሲድኒም ፍጻሜ ዛሬ በማንኛውም ስልክ ላይ ይገኛል። የማይገኘው የእኛ ድርሻ የሆነው ነው፤ በዚያ ቀን የተሰማው ድምፅና ሰሚው ከድምፁ የሠራው።

ስለዚህ በተመሳሳይ ርእስ ለሚሠሩ ወንድሞቼና እኅቶቼ ከውድቀቴ የተማርሁትን ልተውላቸው። ሰው ስታነጋግሩ «ውድድሩን አይተሃል?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ሁሉም አይቻለሁ ይላል፤ አይዋሽምም። ሣጥኑ የማን እንደ ነበር፣ በምን ኃይል ይሠራ እንደ ነበር፣ አንቴናውን ማን እንደ ያዘ፣ ተናጋሪው የት እንደ ተቀመጠ ወይም እንደ ቆመ ጠይቁ። ቀለም ሲጠራ ሣጥኑ ቀለም ነበረው ወይ ብላችሁ አመሳክሩ። ከሁሉ ይልቅ በኋላ ቴሌቪዥን ያልገዙትን፣ ድግሙን ያላዩትን ሰዎች ፈልጉ፤ እነርሱ በየቀኑ እያነሱ ነው። መቅረጫችሁንም ቶሎ ክፈቱ።

ይህን የመጨረሻውን የምለው በምክንያት ነው። በዚያ ምሽት መቅረጫዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። የዘመድ ጨዋታ እንጂ ቃለ መጠይቅ አይደለም ብዬ አላወጣሁትም። አጎቴ በሚቀጥለው ዓመት ዐረፉ። ከእሳቸው የቀረኝ በዚያች ሌሊት በኩራዝ ብርሃን ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የጻፍሁት ሦስት መስመር ነው። የመጀመሪያው «ሥዕሉ ሄደ፤ ድምፁ ብቻ ቀረ» ይላል። ሁለተኛው ስለ ትከሻዬ ነው። ሦስተኛው፣ ከእሳት ዳር ልንነሣ ስንል እንደገና የጠየቁኝ ነው፤ «ለመሆኑ፣ በማን ዓይን እንደ ነበር አወቅህ?» የአሠራሩን ነገር አንድ በአንድ አስረዳኋቸው፤ ስለ ካሜራዎቹ፣ ስለ ዳይሬክተሩ፣ ስለ ሳተላይቱ። እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «ደግ ሰው ነው፤ የሰው አገር ልጅ ሲሮጥ ያሳየናል» አሉና ወደ መኝታቸው ሄዱ።